ወደብ ለአካባቢው በእርግጥ ይጠቅማል ወይ? ኮንቴይነሩ የት እንደሚከፈት ጠይቂ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ትልቅ ወደብ ያለበት አካባቢ በእውነት ይጠቀማል ወይስ ዕቃው ዝም ብሎ አልፎት ነው ሚሄደው? ባለስልጣናት ሁሌ ወደቡ ይሄን ያህል መቶ ሺህ ስራ ፈጥሯል ይላሉ፣ እኔ ግን ወደብ ውስጥ ሚታየኝ ክሬንና የጭነት መኪና ነው እንጂ ሰው አይደለም። ቁጥሩን ከየት ነው ሚያመጡት? ሁሉም ነገር አውቶማቲክ ሲሆንስ ጥቅሙ አይቀርም ወይ?»

እህቴ፣ ሁለቱም አለ። በደንብ የሚጠቀም አካባቢ አለ፣ ጭስና የመኪና ሰልፍ ብቻ ተርፎት ዕቃው የሚያልፈውም አለ፣ ልዩነቱን ሚያመጣው ደግሞ በዓመት ስንት ኮንቴይነር ተነሳ የሚለው አይደለም። እኔ ስራዬ የወደብ ኢኮኖሚክስ ነው፣ አንድ ወደብ ለአካባቢው ያለውን ጥቅም ማወቅ ስፈልግ ከሁሉ በፊት ምጠይቀው ኮንቴይነሩ የት ነው የሚከፈተው፣ ባዶውስ የት ነው የሚሞላው ብዬ ነው። ይሄ ከታወቀ ሌላው ሁሉ ከዛ ይከተላል። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምፅፈው።)

ደቡብ ጣልያን ካላብሪያ ውስጥ ጆያ ታውሮ የሚባል ወደብ አለ። ቦታው መጀመሪያ የታሰበው ለብረት ፋብሪካ ነበር፣ ፋብሪካው ሳይሰራ ቀረ፣ ጥልቁ ወደብ ግን ተቆፍሮ ስለነበር በ1995 ለኮንቴይነር ዋለ፣ አሁን በባለ 20 ጫማ ሂሳብ በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ኮንቴይነር ያስተናግዳል፣ ሜዲትራንያን ላይ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነው። ካላብሪያ ግን ዛሬም አውሮፓ ውስጥ ስራ አጥነት ከከፋባቸው ክልሎች አንዷ ናት። ምክንያቱም እዛ ሚሰራው በአብዛኛው ትራንሺፕመንት ነው፣ ማለትም ከኤዥያ የመጣ ግዙፍ መርከብ ኮንቴይነሩን ያወርዳል፣ ኮንቴይነሩ ግቢ ውስጥ የተወሰነ ቀን ይቀመጣል፣ ከዛ ትንሽ መርከብ ላይ ተጭኖ ወደሌላ አገር ይሄዳል። ከበር አይወጣም፣ አይከፈትም። በቁጥር ስታዪው ደግሞ እንደውም ሁለቴ ነው ሚቆጠረው፣ ሲወርድ አንዴ ሲጫን አንዴ። ስለዚህ ዜና ላይ ወደቡ ሪከርድ ሰበረ ሲባል ከጀርባው ያለው ከተማ ያንን ያህል አደገ ማለት እንዳይመስልሽ።

አንድ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር እንከተል እስቲ፣ ስራው የት እንዳለ በደንብ ይታያል። መርከቧ ስትደርስ ፓይለት፣ ማለትም ወደቡን የሚያውቅ መርከብ መሪ፣ ይሳፈርባታል፣ ጎታች ጀልባዎች ጎንና ጎን ገፍተው ያስጠጓታል፣ ታች ያሉት ገመድ ያስራሉ፣ ከዛ ኮንቴይነሮቹን እርስ በርስ ያያዙትን ብረቶች ሚፈቱ ሰራተኞች ይወጣሉ። የክሬን ኦፕሬተሩ ከላይ ቁልቁል እያየ አንዱን ኮንቴይነር አንስቶ ለማውረድ ሁለት ደቂቃ ምናምን ይበቃዋል። ከዛ ግቢ፣ ከዛ የጉምሩክ ፍተሻና ሰነድ፣ ከዛ መኪና ወይ ባቡር። እስከዚህ ድረስ ያ ኮንቴይነር ላይ የዋለው የሰው ጉልበት ተደምሮ በጣም ትንሽ ነው፣ ያየሽው ትክክል ነው።

አሁን ግን መጋዘን ደረሰ እንበል። የበሩ ማሸጊያ ተቆርጦ በሩ ሲከፈት ካርቶኖቹ ከወለል እስከ ጣሪያ ያለ ፓሌት (ፎርክሊፍት የሚያነሳው የእንጨት መደርደሪያ) ተደርድረዋል፣ ምክንያቱም ላኪው ቦታ እንዳይባክንበት ፓሌት አልተጠቀመም። ሁለት ሶስት ሰው ገብቶ አንድ በአንድ እያወረደ ፓሌት ላይ ይደረድራል፣ አንድ ሰው ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክራል፣ የተጨፈለቀው ለብቻ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል የኢንሹራንስ ጉዳይ ስላለ፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ በየመጠኑ ይከፋፈላል፣ አንዳንዱ በአገሩ ቋንቋ መለያ ይለጠፍበታል፣ አንዳንዱ እዛው ይገጣጠማል ይፈተሻል፣ ከዛ በትንንሽ መኪና ይበተናል። ኮንቴይነር ማራገፉ ብቻ ሰዓታት ይወስዳል። ከዛ ፎርክሊፍት ሚጠግን አለ፣ ፓሌት ሚሰራ አለ፣ ትራንዚተሩ አለ፣ የመጋዘን ሶፍትዌር ሚያስተዳድር አለ፣ ጥበቃው አለ፣ ባንኩ አለ። ለሁለት ደቂቃ ክሬን ላይ የተንጠለጠለው ዕቃ እዚህ የብዙ ሰው የስራ ቀን ሆነ። እና ይሄ መጋዘን ወደቡ አጠገብ ከሆነ ገንዘቡ እዛ ይቀራል፣ 500 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሆነ ደግሞ እዛ ርቆ ይቀራል፣ ወደቡ ያለበት ከተማ የሚደርሰው የመኪናው ጭስ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1956 ማልኮም ማክሊን የሚባል አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለሀብት አይዲያል ኤክስ በምትባል መርከብ 58 ኮንቴይነር ጭኖ ከኒውዋርክ ወደ ሂውስተን እስከላከበት ጊዜ ድረስ ሸቀጥ የሚጫነው በአብዛኛው በሰው ትከሻና በመረብ ነበር፣ ጆንያው ሳጥኑ በርሜሉ አንድ በአንድ፣ መርከብ ወደብ ላይ ለቀናት አንዳንዴም ለሳምንታት ትቆም ነበር። የዛን ጊዜ አንድ ቶን ልቅ ጭነት መርከብ ላይ መጫን 5 ዶላር ከ86 ሳንቲም ይፈጅ ነበር ይባላል፣ በማክሊን መርከብ ግን 16 ሳንቲም ገደማ። ይሄ ልዩነት ነው የወደብ ከተሞችን ታሪክ የቀየረው። ፋብሪካና መጋዘን ወደቡ ስር መለጠፍ አላስፈለገውም፣ ምክንያቱም ኮንቴይነሩ እንደተዘጋ የትም ድረስ መሄድ ይችላል። ለንደንን ብታዪ ከ1967 እስከ 1981 ባለው ጊዜ ውስጥ የከተማዋ መሀል ያሉት የመርከብ ማቆሚያዎች አንድ በአንድ ተዘጉ፣ ለአዲሶቹ መርከቦች ጠባብና ጥልቀት የሌላቸው ነበሩ፣ ስራው ከከተማዋ ውጪ ወዳሉት ቲልበሪና ፊሊክስቶ ወደቦች ሄደ። በዛ ዙርያ የነበረው ህዝብ በትውልድ ያካበተው ሙያ በአስራ ምናምን ዓመት ውስጥ ገበያ አጣ፣ እነ ካነሪ ዋርፍ፣ የባንክና የቢሮ ህንፃዎቹ ሰፈር፣ የመጡት በኋላ ነው፣ የመጡትም ለሌላ ዓይነት ሰራተኛ ነው። ይሄን የማነሳው ወደብ አካባቢን ያሳድጋል ሲባል ብዙ ሰው በጭንቅላቱ ይዞ የሚዞረው የድሮውን ወደብ ስለሆነ ነው።

ታዲያ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው? እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ሚስተው። ትልቁ ጥቅም ወደቡ ውስጥ ያለው ስራ አይደለም፣ ወደቡን የሚጠቀሙት ድርጅቶች ወጪና ጊዜ ነው። ከዓለም የሸቀጥ ንግድ በመጠን ከ80 በመቶ በላዩ በባህር ነው ሚጓዘው፣ ስለዚህ ወደብ ላይ ሚባክን አንድ ቀን ሁሉም ነገር ላይ ይደመራል። ኢኮኖሚስቶች ዕቃ መንገድ ላይ ሚያሳልፈውን እያንዳንዱን ተጨማሪ ቀን ለክተውት ከዕቃው ዋጋ ከ0.6 እስከ 2.1 በመቶ እንደሚሆን ቀረጥ አድርገው ያስቀምጡታል። አስቢው፣ ወደቡ በመጨናነቁ አምስት ቀን ብትዘገዪ ማንም ያላወጀው፣ መንግስትም የማይሰበስበው ቀረጥ እየከፈልሽ ነው ማለት ነው። ከመዘግየቱም የከፋው ደግሞ መቼ እንደሚደርስ አለመታወቁ ነው። ጥሬ ዕቃው በስድስት ቀን እንደሚደርስ እርግጠኛ የሆነ ፋብሪካ ሚያስቀምጠው ክምችትና ከስድስት እስከ ሃያ ቀን ባለው ውስጥ ይደርሳል የተባለ ፋብሪካ ሚያስቀምጠው ክምችት አንድ አይደለም፣ ሁለተኛው ገንዘቡን መጋዘን ውስጥ አስሮ ነው ሚሰራው፣ ለዛ ደግሞ የባንክ ወለድ ይከፍላል፣ ስለዚህ ወይ ዋጋ ይጨምራል ወይ ሰራተኛ አይቀጥርም። ይሄ በየትኛውም የወደብ ሪፖርት ላይ ተፅፎ አታገኚውም፣ እኔ ግን ወደብ ለአካባቢው ሚሰጠው ትልቁ ነገር ይሄ ይመስለኛል።

ወደ ውጪ መላክ ላይ ደግሞ ብዙም ማይወራለት ጥቅም አለ፣ ባዶ ኮንቴይነር። ብዙ ዕቃ የሚያስገባ አካባቢ ኮንቴይነሩ ባዶውን መመለስ አለበት፣ የመርከብ ድርጅቱ ባዶ ከሚወስደው ትንሽ ተከፍሎት ቢጭን ይመርጣል፣ ስለዚህ የመልስ ጉዞ ዋጋ ይወርዳል። ከአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ የከብት ድርቆሽ ውቅያኖስ አቋርጦ ኤዥያ ድረስ ሚሸጠው፣ የቆሻሻ ወረቀትም ለዓመታት ቻይና ድረስ ሲጫን የኖረው በዚህ ምክንያት ነው፣ ሙሉ ዋጋ ቢከፈልበት ኖሮ ድርቆሽ ያንን መንገድ አይሄድም። ስራ የበዛበት ወደብ አጠገብ ያለ ገበሬ ወይ ትንሽ አምራች ርካሽ ዕቃውን ሩቅ ገበያ ማድረስ የሚችለው ሌላ ሰው ቴሌቪዥንና ጫማ ስላስገባ ነው። ትራንሺፕመንት ብቻ ሚሰራ ወደብ ይሄን አይሰጥም፣ እዛ ባዶውም ከግቢ አይወጣምና።

ወደ ቁጥሩ ልምጣ። ስራ ፈጠረ ሚባለው ብዙውን ጊዜ ሶስት አራት ነገር ተደምሮ ነው። ቀጥታ ሚባለው አለ፣ ወደቡ ላይና ከወደቡ ጋር ተያይዞ ሚሰራው፣ ክሬን ኦፕሬተሩ ሹፌሩ ትራንዚተሩ። ለነሱ ዕቃና አገልግሎት ሚያቀርቡት አሉ። እነዚህ ሁሉ ደሞዛቸውን ሲያወጡ ሚተዳደሩት አሉ። አራተኛው ግን ዕቃውን በወደቡ በኩል የሚያስገቡና የሚልኩ ድርጅቶች ሰራተኞች ናቸው፣ ቁጥሩን በጣም ሚያሳብጠውም እሱ ነው። ለምሳሌ አሜሪካ ያለችው ባልቲሞር፣ የሜሪላንድ ግዛት መንግስት ወደቡ 15 ሺህ ያህል ቀጥታ ስራ አለው፣ ከወደቡ ጋር የተያያዘው ደግሞ ወደ 140 ሺህ ይጠጋል ይል ነበር። ከዛ መጋቢት 26 ቀን 2024 ዳሊ የምትባል መርከብ የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይን መትታ ጣለችው፣ ድልድዩን ሲጠግኑ ያደሩ ስድስት ሰራተኞች ሞቱ፣ የመርከቡ መተላለፊያም ተዘጋ፣ ሙሉ በሙሉ የተከፈተው በሰኔ ነው።

አየሽ፣ 140 ሺው ሁሉ ስራው የወደቡ ቢሆን ኖሮ በነዛ ሳምንታት ግዛቷ ትናወጥ ነበር። የሆነው ግን ኮንቴይነሩ ወደ ኖርፎክና ወደ ኒውዮርክ ዞረ፣ መኪና ጫኝ መርከቦች ከፊሎቹ ከድልድዩ ውጪ ባለው ስፓሮውስ ፖይንት አራገፉ፣ አስመጪዎቹ ስራቸውን በሌላ መንገድ ቀጠሉ፣ ወጪያቸው ጨመረ እንጂ አልዘጉም። በጣም የተጎዱት መርከብ ካልመጣ የቀን ገቢ የሌላቸው የወደብ ሰራተኞች፣ ባለ መኪናዎችና በዙርያው ያሉ ትንንሽ ድርጅቶች ናቸው። ስለዚህ ትልቁ ቁጥር ውሸት ነው አልልም፣ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፣ ከወደቡ ጋር የሚነካካ ስራ ስንት ነው የሚለውን ነው የሚመልሰው፣ ወደቡ ባይኖር ስንት ስራ ይጠፋ ነበር የሚለውን አይደለም። ሁለቱን ቀላቅሎ ሚያወራ ባለስልጣን ሲገጥምሽ ቀጥታውን ብቻ ጠይቂው። አጠገቡ ሌላ ጥሩ ወደብ ካለ የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ትንሽ ይሆናል፣ ሌላ መውጫ ከሌለ ግን በጣም ትልቅ ነው፣ ብቸኛ በር የሆነ ወደብ ሲዘጋ ዳቦም መድሃኒትም ነዳጅም ነው አብሮ ሚቆመው።

ሌላው፣ አካባቢ ስንል የቱ ነው? ሆላንድ ያለውን የሮተርዳም ወደብ ውሰጂ። ወደቡ ለሮተርዳም ብቻ ቢሆን ያን ያህል ባልገዘፈ፣ ከጀርባው ራይን ወንዝ አለ። ጀርመን ውስጥ ሉድቪግስሃፈን ያለው የቢኤኤስኤፍ የኬሚካል ፋብሪካ ከባህሩ በወንዙ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ ወደ 40 በመቶ የሚሆነው ግብዓቱ ግን በራይን ነው ሚመጣለት። በ2018 ድርቅ ሆኖ ወንዙ ሲጎድል ጀልባዎቹ ግማሽም ሳይሞሉ መሄድ ጀመሩ፣ ፋብሪካው ምርት ቀነሰ፣ ድርጅቱ ጉዳቱን 250 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ብሎ አስቀመጠው። ወደቡ ሰላም ነበር፣ ክሬኑ ይሰራል፣ ባህሩም አልጎደለም፣ መሃል ያለው መንገድ ነው የተበላሸው። ለዚህ ነው ወደብ ሲሰፋ በርዝ (መርከብ የሚቆምበት ቦታ) ጨምሩ ክሬን ግዙ ብቻ ሲባል ምበሳጨው፣ ባቡሩና መንገዱ ካልተከተለ የጨመርሽው ነገር የሰልፉን ቦታ ከባህር ወደ መሬት ማዘዋወር ነው። በ2021 መጨረሻ ሎስ አንጀለስና ሎንግ ቢች ፊት ለፊት ከ100 በላይ መርከብ ሲሰለፍ ሁሉም ባህሩን ፎቶ ያነሳ ነበር፣ ከችግሩ ትልቁ ክፍል ግን ከኋላ ነበር፣ መጋዘኑ ሞልቷል፣ ኮንቴይነር መጎተቻ ተጎታች የለም፣ ባዶው ሚመለስበት ቦታ የለም፣ ከግቢ ሚወጣው ሲያጥር መርከቧም ማራገፊያ አጣች።

እነዚህ ሁለት ወደቦች የጥቅምና የጉዳት ክፍፍልንም ጥሩ አድርገው ያሳያሉ። ከአሜሪካ የኮንቴይነር ገቢ ዕቃ 40 በመቶ ገደማ በነሱ በኩል ነው ሲባል የኖረው፣ ጥቅሙ ቺካጎም ደርሶ ይታያል፣ ዕቃ ረክሶ ይገዛል። የናፍጣውን ጭስ ሚተነፍሰው ግን ወደቡ ጥግ ያለው ሰፈርና መኪኖቹ ሚያልፉበት መንገድ ዳር ያለው ነው፣ መጋዘኖቹም ከባህሩ ራቅ ብለው ሪቨርሳይድና ሳን በርናርዲኖ አካባቢ ስለተከማቹ ስራውም ጭሱም አብሮ ወደዛ ሄደ። ጥቅሙ ለብዙ ሚሊዮን ሰው በትንሽ በትንሹ ይበተናል፣ ጉዳቱ ግን ጥቂት ሺህ ቤቶች ላይ ተከምሮ ይቀራል፣ እና እነዛ ሰዎች ሲጮሁ ልማት ጠላችሁ መባላቸው ያናድደኛል፣ ምክንያቱም የሁላችንን ወጪ ነው ብቻቸውን እየከፈሉ ያሉት። መፍትሄ የለውም ማለት አይደለም። ሁለቱ ወደቦች በ2006 የአየር ማፅጃ እቅድ አወጡ፣ አሮጌ የጭነት መኪኖችን አስወጡ፣ መርከብ ስትቆም ሞተሯን አጥፍታ ከመሬት መብራት እንድትወስድ አደረጉ፣ የናፍጣ ብናኙ ከ2005 ጋር ሲተያይ ከ80 በመቶ በላይ ወርዷል። ከዛ በፊትም በ2002 አላሜዳ ኮሪደር የሚባል 32 ኪሎ ሜትር የባቡር መስመር ተከፍቶ 200 ቦታ ላይ ባቡርና መኪና የሚገጣጠሙበት መንገድ ቀረ፣ 2.4 ቢሊዮን ዶላር ፈጅቷል። ውድ ነው፣ ግን ወደቡ ከሚያስገባው ገንዘብ ሊከፈል የሚችል ነው፣ በአብዛኛው በየኮንቴይነሩ ክፍያ ታስቦ ነው የተሰራው።

ትራንሺፕመንት ሆኖ ተሳክቶለት ያየሁትን ልንገርሽ፣ የጆያ ታውሮ ነገር ሁሉንም ትራንሺፕመንት እንዳያስጠላሽ። ታንጀር ሜድ፣ ሞሮኮ። ጂብራልታር ሰርጥ ላይ በ2007 ነው የተከፈተው፣ እሱም በዋናነት ኮንቴይነር ከመርከብ ወደ መርከብ ሚያዘዋውር ነው፣ በ2024 ከ10 ሚሊዮን አልፏል። ግን ሲታቀድ አንስቶ ከጀርባው የኢንዱስትሪ ዞኖች አብረው ታቀዱ፣ ሬኖ በ2012 ፋብሪካውን ከፈተ፣ መኪኖቹ ከፋብሪካው በባቡር በቀጥታ ወደቡ ይወርዳሉ፣ መለዋወጫ አምራቾች ተከትለው መጡ። ትራንሺፕመንቱ እዚህ ጋ የሰጠው ነገር መርከብ ነው፣ የአካባቢው ጭነት ብቻውን ሊያመጣ ማይችለውን ያህል ብዙ መርከብ ወደ ብዙ አገር በየጊዜው ይመላለሳል፣ ፋብሪካ ሚፈልገው ይሄን ነው። ሲንጋፖርም እንደዛው፣ በ2024 ከ41 ሚሊዮን በላይ ኮንቴይነር አስተናግዳለች፣ አብዛኛው አላፊ ነው፣ ግን መርከቦቹ እዛ ነዳጅ ይሞላሉ፣ በዓመት ከ50 ሚሊዮን ቶን በላይ ነዳጅ ትሸጣለች፣ ይጠገናሉ፣ ኢንሹራንሱ ደላላው ጠበቃው የግልግል ዳኝነቱ እዛው ነው። ኮንቴይነሩ ባይከፈት እንኳ መርከቧ ራሷ ደንበኛ ሆነች። ይሄ ግን የአስርት ዓመታት ስራ ነው፣ በርዝ ሰርቶ መጠበቅ አይደለም።

የመጨረሻው ጥያቄሽ፣ አውቶማቲክ ሲሆንስ? ግቢ ውስጥ ያለው ስራ ይቀንሳል፣ ይሄን ማለባበስ አልፈልግም። ሮተርዳም ላይ ያለ ሹፌር የሚሄዱ ኮንቴይነር ተሸካሚዎች በ1993 ነው ስራ የጀመሩት፣ አዲስ ነገር አይደለም። በጥቅምት 2024 ከሜይን እስከ ቴክሳስ ያሉ ከ40 ሺህ በላይ የአሜሪካ የወደብ ሰራተኞች ለሶስት ቀን ስራ ሲያቆሙ ከደሞዙ ጋር ዋና ጥያቄያቸው ይሄው ነበር፣ መጠየቃቸውም ልክ ነው፣ ያ ስራ ያለ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ቤተሰብ በደንብ ከሚያኖሩት ጥቂት ስራዎች አንዱ ነውና። አካባቢው በጠቅላላው ይጎዳል ወይ ካልሽኝ ግን እሱ ሚወሰነው ጥቅሙ ድሮም ከየት ይመጣ እንደነበር ነው። ዋናው ጥቅም የደሞዝ ከሆነ፣ ማለትም ወደቡ ሰው የሚቀጥር ግቢ ብቻ ከሆነ፣ አዎ ይጎዳል። በመቶ የሚቆጠሩ አምራቾችና መጋዘኖች ከጀርባው ካሉ ግን ወደቡ ፈጣንና ርካሽ ሲሆን የሚያተርፉት እነሱ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ከግቢው በብዙ እጥፍ ይቀጥራሉ፣ ያው ለተፈናቀለው የክሬን ኦፕሬተር ግን ይሄ መፅናኛ አይሆንም፣ ለሱ ለብቻው ስልጠናና ካሳ በውል መፃፍ አለበት፣ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት።

የማስፋፊያ እቅድ እጅሽ ከገባ ደግሞ እነዚህን ፈልጊበት፦ ከሚጠበቀው ኮንቴይነር ትራንሺፕመንቱ ስንት በመቶ ነው፣ ወደ ውጪ ሚሄደው ስንቱ ሞልቶ ስንቱ ባዶውን ነው፣ አንድ የጭነት መኪና ከበር ገብቶ እስኪወጣ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል፣ መጋዘን ሚሰራበት መሬት የት ተመደበ፣ ባቡሩን ማን ይከፍላል። የመኪናው ሰዓት ካልተፃፈ እኔ ብሆን መጀመሪያ እሱን ነው በደብዳቤ ምጠይቀው፣ ለመለካት ቀላል ነው፣ የበሩ ካሜራ ይመዘግበዋል፣ ስለዚህ የለንም ሊሉሽ አይችሉም።